ጥላ ሄደች

የደብዳቤ ቦርሳ ትከሻዬ ላይ ነው፣
ሦስተኛውን መንገድ በእግሬ ነው የማውቀው።
ቁጥር አርባ ሁለት፣ ሰሜን የዞረው ቤት፣
«አርዲስ ሃውገን» ይላል ሣጥኑ ላይ ጽሕፈት።
አገሩ ዊስኮንሲን፣ በረዶው ስድስት ወር፣
ሰው ከአካፋው በቀር ወዳጅ የሌለው ምድር።

ከዛፏ ሥር ነበር አትክልቷ ሁሉ፣
አበባ አይደለም፤ ቅጠል ነው በሙሉ።
ሆስታ ይሉታል ስሙን፤ ፀሐይ የማይወድ፣
በጥላ የሚሰፋ፣ በጥላ የሚዋለድ።
አንዱ እንደ ሰፌድ ነው፣ ዝናብ የሚያቁር፣
ሌላው የአይጥ ጆሮ፣ ቢነኩት የሚያፍር፣
ሰማያዊ አቧራ ፊቱን የተቀባ፣
ጠርዙን ወተት ነክቶት ሳይጠርግ የገባ።
ቤት የለሽ ቀንድ አውጣ ሊበላ ሲመጣ፣
በሳህን ቢራ አለ፤ ጠጥቶ የማይወጣ።
ጠዋት ስትደፋው «ነፍስ ይማር» ትላለች፣
ካንገት በላይ ሐዘን፤ ከንፈሯን ነክሳለች።

ዛፏ አሽ ትባላለች፣ የባሏ እጅ ተክል፣
ከጣሪያው በላይ ነው ጥላዋ የሚውል።
አረንጓዴ ጥንዚዛ፣ እንደ ጌጥ የሚያበራ፣
ከልጧ ሥር ገብቶ መስመር እየሠራ፣
ሦስት ዓመት ጻፈባት፤ አድራሻ የሌለው፣
ማዘጋጃ ቤት ነው አንብቦ የጨረሰው።
ብርቱካናማ ነጥብ ግንዷ ላይ ቀቡና፣
በመጋቢት ብርድ መጡ በመኪና።
መጋዝ ሲጮኽ ዋለ። ማታ ሳልፍ በደጇ፣
ጉቶው ላይ ነበረ የተዘረጋ እጇ።

ሆስታ ምን ያውቃል? አፈር ሥር ተኝቶ፣
ሐምራዊ ጦር ይዞ፣ በግንቦት ተነሥቶ፣
ጦሩን ሲፈታታ፣ ቅጠል ልሁን ሲል፣
ፀሐይ አገኘችው ምንም ሳይከለል።
በሰኔ ሳምንት ውስጥ ጠርዙ ተቃጠለ፣
እሳት ዳር የዋለ ወረቀት መሰለ።

ያቺ ባለ ጥላ
ጥላ ሄደች፤ ጥላ።

ማክሰኞ ስመጣ፣ ጃንጥላ በየዓይነቱ
ተዘርግቶ ቆሟል ከአጥር እስከ ቤቱ፦
አንዱ ጥቁር ነበር፣ ባሏን የሸኘችበት፣
አንዱ የባንክ ስጦታ፣ ስም የተጻፈበት፣
አንዱ የልጅ፣ ሁለት የእንቁራሪት ዓይን ያለው፣
አንዱ ነፋስ ሰብሮት ወደ ላይ የዞረው።
ዐሥራ ሰባት ቆጠርኩ። ጎረቤት ሲስቅ፣
እኔም ስቄአለሁ፤ ምን ብዬ ልደብቅ።
ነፋስ ሲነሣ ግን፣ በሰባ ስምንቷ፣
ጃንጥላ ስታሳድድ ባዶ እግሯን ከቤቷ፣
አየኋት። አልሳቅኩም።

መስከረም ላይ ጠራችኝ፤ የዳቦ ቢላ ይዛ፣
ሥሩን ትከፍላለች፣ አፈሩ እየወዛ።
«አያመውም?» አልኳት። «እኔን ነው የሚያመኝ፤
እሱማ ይበዛል። ከረጢቱን ስጠኝ።»
በየከረጢቱ ላይ የቤት ቁጥር ጽፋ፣
«ጓሯቸው ጥላ ነው፤ እዚያ ነው የሚሰፋ።»
«ቴምብር የሌለው ዕቃ ሕጉ አይፈቅድም» ብላት፣
«ለጥላ ቴምብር ወጣ?» አለች። ምን ልበላት።
ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ከግብር ወረቀት፣
ከካታሎግ ጋራ፣ ሥር አደልኩ ለየቤት።

ዘንድሮ በግንቦት መንገዴን ስሄደው፣
የሠላሳ ስድስትን ሣር ማጨጃ በላው።
የሃምሳ አንድን አጋዘን፣ አንድም ሳያስቀር።
ከቫንጎች ጓሮ ግን፣ ከቧንቧው ሥር ዳር፣
ሰባት ጦር ብቅ ብሏል። ቱዋ፣ ትንሹ ልጅ፣
«አትርገጡ» ጽፎ ተክሏል በገዛ እጅ።
አርዲስ ራሷማ ቲማቲም ተክላለች፣
«ፀሐይ ከመጣች አይቀር፣ ትሥራበት» ትላለች።

ከደረጃው ሥር ነው፣ ባልዲ ውስጥ፣ የእኔው፣
ፀሐይ አድራሻውን ጠይቃ የማታውቀው።
ጠዋት ጠዋት ጣቴን አፈሩ ውስጥ ነክሬ
እፈልገዋለሁ፣ የጦሩን ጫፍ ዛሬ።
የለም።
አይቸኩልም ሆስታ፤ ነገም ይዘገያል።
በየፖስታው ጥግ ላይ አሻራዬ ይታያል፣
ጥቁር፣
እንደ ቴምብር።