ምጋአ

ሐሙስ፣ በእኛ ዐሥር ሰዓት፣ በሰፈሩ ሰዓት አራት፣
የመጠለያውን የብረት በር በትከሻዬ ገፍቼ አበራለሁ መብራት፤
ስምንት ትንንሽ ወንበሮች፣ የእርጥብ ኖራ ሽታ፣
ግድግዳው ላይ በፕላስተር የተያዘ የፊደል ገበታ።
ኪርያት ጋት፣ ከምድር በታች። ከላይ አውቶቡስ ሲያልፍ
አያለሁ «ፐ» ያለችበት ጥግ በትንሹ ሲታጠፍ።

ጠዋት የመዋዕለ ሕፃናት ረዳት ነኝ፤ በዕብራይስጥ አፍንጫ እጠርጋለሁ፤
«ዮፊ» ብዬ አሞግሳለሁ፣ «ዳይ» ብዬ እገስጻለሁ፤
በሳምንት አንድ ቀን ግን፣ እዚህ ጉድጓድ ወርጄ፣
ያሳደገኝን ፊደል በተራዬ አሳድጋለሁ።

እኔን ያስተማሩኝ ቄስ ምኑዬ፣ በስንደዶ እየጠቆሙ፣
የሳትኩ እንደሆን ጆሮዬን ይዘው ነበር የሚያርሙ።
የእኔ አለንጋ ቸኮሌት ነው፤ ቢስቱም፣ ባይስቱም፤
ይሄን ቢያዩ ቄስ ምኑዬ፣ ያዝኑ እንደሁ እንጂ አይመቱም።

አንድ ሐሙስ አዲስ ልጅ መጣች። አምስት ዓመቷ፣ ጥርሷ የወለቀ ከፊት፤
«ስምሽ ማነው?» «አጋም።» ዝም አልኩ ለጥቂት።
በእኔ ጆሮ አጋም እሾህ ነው፤ የተጠጋውን ቁልቋል የሚያስለቅስ፤
ማን ነው በገዛ ልጁ እንዲህ ያለ ስም የሚያለብስ?
አያቷም «ምን በደለች?» ብለው ወር ሙሉ አኩርፈው ነበር አሉ፣
ስሟን እየዘለሉ፣ «ሆዴ፣ ሆዴ» እያሉ።
እሷ ግን አገጯን ቀና አድርጋ «ሐይቅ ማለት ነው» አለችኝ፤
«ዋና እችላለሁ» ደግሞ፣ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

እርሳሱን እንደ ማንኪያ ጨብጣ፣ ከቀኝ ጀመረች፤
«አ»ን ተከለች፤ ወደ ግራ ተሻገረች፤
«ጋ»ን አንካሳ አድርጋ አቆመች፣
«ም»ን ከጠርዙ ሰቀለች፤
ምላሷን ከከንፈሯ መልሳ «አጋም» ብላ አነበበች።

እኔ ያነበብኩት፦
ምጋአ።

ቀይ እስክሪብቶ ሳብኩ። ጆሮዬ ላይ የቄስ ምኑዬ ጣት መጣ።
«ከግራ ነው እናቴ፤ የእኛ ፊደል ከግራ ነው።»
«ጋኔኔት ከቀኝ ነው ብላለች።»
«እሱ ጠዋት ነው።»
«ሁለት እጅ አለኝ አይደል እንዴ?»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ሳይረኑ ጮኸ።
እኛ መሮጫ የለንም። የሚሮጠው ሌላው ነው፣ ወደ እኛ።
ሱልጣና ከሦስተኛ ፎቅ፣ እርጥብ ጸጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፤
አሮጌው ጌናዲ፣ ውሻውን እንደ ሕፃን አዝሎ፤
በልጅ ወንበር ተቀመጠ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ።
ማንም ቃል የለውም። ውሻው ይንቀጠቀጣል።
ጌናዲ ዓይኑን የሚጥልበት አጥቶ ገበታውን ማንበብ ያዘ፣
ጣቱ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ «ሠ» ላይ ተተክሎ ቀረ፦
«ሺን!»
«ንጉሡ ሠ» አልኩት።
«ሺን ነው» አለ። «በሩስኪም ይሄው ነው፤ ሻ።»
«ሹካ ነው!» አሉ ልጆቹ፤ ሱልጣና በፎጣዋ ውስጥ ሳቀች፤
ከሩቅ አንድ ነገር ዱብ አለ፤ መብራቱ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ።

አጋም ቀና አላለችም።
ከ«ምጋአ» በታች፣ በሌላኛው እጇ፣ ከግራ ጀምራ፣
ሌላ «አ»፣ ሌላ «ጋ»፣ ሌላ «ም» ደርድራ፣
ወረቀቱን ሞላችው፤ ፊደሎቹ መሐል ላይ ሊጋጩ ደርሰው።
ያኔ ትዝ አለኝ፣ ቄስ ምኑዬ በጆሮዬ መዘው ያስገቡት፦
የ«መ» የጥንት ስሟ ማይ ነው።
ውሃ። ከየትም ብትጀምር፣ ልጅቷ ዳርቻ ላይ ውሃ አላት።

ቀዩ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ፈሶ ነው ማታ ያገኘሁት።

በሩ ሲከፈት አያቷ ከደረጃው አፋፍ ቆመዋል፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ።
ልጅቷን ዳበሱ፤ ራሷን፣ ትከሻዋን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ፤
ቀጥሎ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን ዘረጉት።
«ምን ይላል?» አሉኝ።
«ከየት በኩል ላንብብልዎ?»