ነገ፣ ሲነጋ

ፋሌኦሎ፣ ቅዳሜ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት፤
ሴኡላ ከሚዛኑ ጎን፣ እስክሪብቶ ከጆሮዋ ሽቅብ ተሰክቶባት፣
"ውጣ" አለችኝ፤ ወጣሁ።
አውሮፕላኗ ትንሽ ናት፤ ሰው ሳይመዘን አይገባባት።

እኔን፣ ቦርሳዬን፣ በአንሶላ የጠቀለልኩትን ምንጣፍ
አንድ ላይ ደምራ ስትጽፍ፣
"ዘጠና አራት ኪሎ" አለች።
ከምላሴ ሥር የያዝኩት መርዶ መርፌውን አልነቀነቀም።
ሞት አይመዘን ይሆናል፤
ሚዛኑ አርጅቶም ይሆናል፤ እኔ አላውቅም።

የማውቀውን ርቀት ጠየቅኋት፣ አፌ ሥራ ይያዝ ብዬ።
"መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር፤
ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ ነፋሱ ካልከፋ፣ ጌታዬ።"
ደግሞም ለእንግዳ ሁሉ እንደምትለው፣ ፈገግ ብላ፦
"ስትደርስ ትናንት ነው። ሰዓትህን አትንካ፤
ቀኑን ብቻ መልሰው ወደ ኋላ።"

ትናንት!
ትናንት እናቴ ሌአታ፣ በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ፣
የዳቦ ፍሬ ስትልጥ፣ ጎረቤት ስታማ አምሽታ፣
"ያ ወንድምህ አልደወለም?" አለች፣ እንደ ሁልጊዜው፤
እኔም ዝም፣ እንደ ሁልጊዜው።
ተኳርፈናል ሰባት ዓመት፣ በአንድ አሮጌ የጀልባ ሞተር፤
የእኔን ቁጥር አያነሣም፣ የእሷንም፣ ከእኔ ጋር ስለምትኖር።
ዛሬ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ሌሊቱ ከንጋት ሲጋባ፣
እጄን እንደያዘች ሄደች፣ ማንም ሰው ሳይገባ።

በረርን። ባሕሩ የተጨማደደ ቆርቆሮ፣ ፀሐይ ያነጣው፤
ቀን ከቀን የሚለየውን መስመር በመስኮት ፈለግኩት፤ ውሃ ነው።
ዓሣውስ የቱ ቀን ውስጥ እንደሚዋኝ ማን ነገረው?
በአሥራ ስምንተኛው ይሁን በሃያኛው ደቂቃ፣
ከዚያ ውሃ በላይ አንድ ቦታ፣ ሳላየው ባለፈ ደመና ውስጥ፣
እናቴ ነቃች፤ አዎ፣ ነቃች፤
የልጣጩን ቢላዋ ይዛ በረንዳዋ ላይ ተቀመጠች።

ፓጎ ፓጎ ዓርብ ነው። የምሳ ፉጨት ሲነፋ፣
ፊሊሞኒ ከቱና ፋብሪካው ወጣ፣
ነጭ ቦት ጫማ እግሩ ላይ፣ የዓሣው ሽታ ቀድሞት መጣ።
አየኝ። ምንጣፉን አየ።
ለይቅርታም ለቀብርም ያው ነው ምንጣፉ እኛ ዘንድ፤
የትኛው እንደሆነ ግን ከፊቴ ላይ ለየ።
"መቼ?" አለ።
አፌ ልቤን ቀደመው፦
"ነገ" አልኩት። "ነገ፣ ሲነጋ ነው።"

አልሳቀብኝም። ጓንቱን ጣት በጣት አወለቀ፤
"እንግዲያ እዚህ ገና ናት" አለ፣ ስልኩን እየጎረጎረ፤
ሰባት ዓመት ያልነካውን ቁጥር ፈልጎ ደወለ።
ኪሴ ውስጥ ጮኸ፤
ከትራሷ ሥር ያነሣሁት ስልክ፣ ሳላጠፋው ይዤው የመጣሁት።
ጮኾ ጮኾ እስኪያበቃ፣ ሁለታችንም ቆምን፤
ማናችንም እጅ አልሰደድን።

ማታ ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ቦት ጫማውን ማውለቅ ረስቶ፤
"መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ" ተባለ፤ ተጻፈ፤
እሱ አልሰማም፣ አንገቱን ደፍቶ።
ሞተሩ ሲነሣ፣ ከጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣
"ስንት ደቂቃ ነው?" አለኝ፣ የሚያውቀውን።
"ሠላሳ አምስት" አልኩት።
የአብራሪውን ማጅራት አየ፣ ሊነካው እንደሚሻ፤
"ቀስ ይበል" አለ። "ቀስ ብሎ ይብረር።"