ሁለት ኮፈን

አንሙት መጣ ዛሬ ሁለት ሹፌር ቀጥሮ፣
ከጋራዤ በር ላይ ሁለት ግዙፍ መኪና ጎን ለጎን ደርድሮ።
በቁመት በቆዳ መንታ ናቸው ሲያዩዋቸው፤
ኮፈን ሲከፈት ነው የሚለይ ሆዳቸው።
«ነገ ከሰዓት በፊት አንዱን ልከፍል ነውና፣
እንየው፣ አንተ ምረጥ፤ ታውቃለህ» አለና
ቁልፎቹን ጣለልኝ ቅባት ባለው ጨርቅ ላይ፣
ራሱ ዞር ብሎ ወደ ሐይቁ ሊያይ።

እኔ ምን አውቃለሁ?
ሃያ ሁለት ዓመት በጀልባ ሠርቻለሁ፣
ከባሕር ዳር ጎርጎራ፣ ከጎርጎራ ደቅ፣
ከናፍጣ ሞተር ሥር፣ እግሬን ውሃ ሳይለቅ፤
ግራ ጆሮዬን ለሱ ከፍዬ ወጣሁ፣
ቀኜን ይዤ ቀረሁ።

የጥቁሩን ከፈትሁ። ናፍጣ ነው። አስነሣሁ።
በደረቴ ሰማሁ።
ድምፁ ዝግ ያለ ነው፣ ቀንበር የለመደ፣
ጭቃ ውስጥ ቢገባ በእልህ የወረደ፤
አንዴ ከሞቀለት፣ ገደል ቢሆን ዳገት
ከታች ነው የሚያነሣው፣ ከሥሩ ነው ጉልበት።
ግን ንጹሕ ይወዳል፤ ጀሪካን ውስጥ ከርሞ
ውሃ የገባውን አንዴ ከጠጣ ታሞ
ኖዝሉና ፓምፑ ቪላ ያሸጣል፣
መካኒክ ያወፍራል።

የነጩን ከፈትሁ። ቤንዚን ነው። ተነሥቷል?
በቀኜ ተጠጋሁ። ሹፌሩ ይስቃል፦
«ቆየ እኮ ከተነሣ!»
የሻይ ብርጭቆዬን ከላዩ አኖርሁበት፤
ንጋት ላይ ጣና ነው፣ ክብ አልታየበት።
ካንዴላ ለውጠህ ዘይት ካላጓደልህ
አያስቸግርህም። ግን ሆዱን ካልቻልህ፣
ታንከሩን ሞልተኸው ዳንግላ ላይ ጨርሶ
ከባጃጅ ያሰልፍሃል፣ ክብርህን ቀንሶ።

«አንሙት፣» አልሁት፣ «ንገረኝ፤ መንገድህ ወዴት ነው?»
«ከዲያስፖራ ሰፈር ሐይቁ ዳር እስካለው
ሆቴሌ ድረስ ነው።»

አራት ኪሎ ሜትር! ዘንባባ በዘንባባ፣
አስፋልቱ ባዘቶ፣ ዳሩ አበባ በአበባ፤
ናፍጣ እዚህ ቢነዳ፣ ሳይሞቅ እየጠፋ
ጥላሸት ያፍነዋል፣ ሳይስል ሳይተፋ።
«ሌላስ?»
«ሌላ የለም።»

እኔ ግን አውቃለሁ፤ ሌላ መንገድ አለ፣
ከዱርቤቴ ወዲያ ወደ ቁንዝላ ያለ፣
ሐምሌ ላይ ጭቃው ጎማ የሚውጥ፣
ትራክተር እንኳ የሚያስምጥ።
እዚያ አያ ፈንቴ አለ፤ አባቱ፤ አለቃዬ፤
መሪ እሱ ሲይዝ ሞተር የኔ ሥራዬ።
እኔ አንድ ጆሮ ሰጠሁ፤ እሱ ሁለቱንም።
ስልክ ቢደውሉለት አይሰማም፤
ደጁ ሰው ካልቆመ ልጅ አለኝ አይልም።

«ቁንዝላ ከወረድህ ጥቁሩን ውሰደው።
ካልወረድህ፣ ነጩን።»
ዝም አለ። ሐይቁን አየው።
አንዲት ነጭ ወፍ እምቦጭ ላይ ቆማ ነበር፤
እስክትበር ጠበቀ። በረረች። ሳይናገር
የነጩን ቁልፍ አነሣ።

ጨርቄን አራገፍሁና በልቤ ፈረድሁበት፤
«አራት ኪሎ ሜትር ናት የዚህ ልጅ ልጅነት።»

በነሐሴ አጋማሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
አንድ ነገር ገባ በበሩ በድንገት።
ድምፅ አልነበረውም። ነጭነትም የለው፤
እስከ መስተዋቱ የአቸፈር ጭቃ ነው።
ይህን ጭቃ አውቀዋለሁ።
«ስንቴ ተያዝህ?»
«ሁለቴ። በሬ ነው ያወጣኝ።
ቤንዚኑም አለቀ፤ ሊበን ላይ አሳደረኝ።»

ኮፈኑ ላይ ግን፣ ከጭቃው መሃል ላይ፣
የሰው መዳፍ አለ፣ አምስት ጣቱ የሚታይ።
«ያባቴ ነው» አለኝ። «ሞተሩ እየሠራ
እጁን አሳረፈ፣ እንዳገሩ ተራ፤
ምንም አልነዘረው። ቀና ብሎ አየና
‹ገፍተኸው ነው እንዴ የመጣኸው?› አለና
ሳቀ።»

ነዳጅ ሳመዛዝን፣ ለካ ነጂ ረስቼ።
ውሃውን ከፈትሁ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ አንገቴን ደፍቼ።
ጎማውን አጠብሁ፣ በሩን፣ መስኮቱን፤
ለመጨረሻ ተውሁ
ኮፈኑን።