ማን ከማን ስንት ደቂቃ

ከኦክላንድ ሳንቲያጎ፣ ትኬቱ እንደሚለው፣
ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤
ፍርፋሪውን ባሕር ይቁጠረው።
የአሥራ አንድ ሰዓት በረራ። መነሻ፦ እሑድ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት፤
መድረሻ፦ እሑድ፣ ያው ራሱ ዕለት፣
ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

ኤልሲራ ደጋግማ አነበበች፣
ጣቷን እንደ ጀማሪ ከመስመር መስመር እየጎተተች፤
«አልነሳሁም ገና፣ ደርሰሻል ይለኛል፤
አምስት ሰዓት ቀድሞ እዚያ ያስቀምጠኛል።»

ናይሪ መሪውን እንደያዘች ሳቀች፣
ከነቦቲዋ ከጋጣው ወጥታ የመጣች።
«ባሕሩ መሐል መስመር አለ፣ ዓሣ እንኳ አያውቀው፤
ስትሻገሪው ይመለሳል፣ ቀኑ፣ ያለቀው።
ሰኞን ለኛ ተዪው፤ ላሞቹን እኔ አልባለሁ፤
እሑድሽን ይዘሽ ሂጂ። ትደርሺበታለሽ፣ አውቃለሁ።»

ዶን አበላርዶ ደቂቃ ሸጦ ነው ያሳደጋት፤
ሳን ፓብሎ ጎዳና፣ ፋርማሲው ጥግ፣ ቆሞ ከጠዋት፣
ደብተሩ በግራው፣ እርሳሱ ከጆሮው፣
አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ለሹፌሩ እየጮኸ ሚነግረው፦
«ሰባት ደቂቃ ቀድሞሃል፣ ንዳው!»
«ሁለት ብቻ ነው፤ ሰው ልቀም፣ አዝግመው!»
ሳንቲም ይወረወራል በመስኮት፤
ቦይ የገባውን የምትለቅም እሷ ናት።
ማን ከማን ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ
በዚያ ሁሉ ከተማ ከሱ በላይ አልነበረም የሚያውቅ።

ወንበር አርባ አንድ፣ መስኮቱ ዳር።
ከታች ደሴት የለም፤ መርከብ የለም፤ ባሕር፣ ባሕር።
ከፊቷ ስክሪን፣ ሰማያዊ፣ የተለጠፈች አንዲት ነጭ ዝንብ፤
የቀረው አራት ሺህ ሦስት መቶ፣ አምስት ሰዓት ግድም፣ በግምት ሲታሰብ።
የሰማዩ ጠርዝ ሊቀላ ነው።
«ኦምሌት ወይስ እርጎ?» አላት አስተናጋጁ፤ እርጎ ነው የመረጠችው።
ኋላ ስታሰላው፣ ያቺ ነበረች ደቂቃዋ፤
ያኔ ግን አልከበዳትም ማንኪያዋ።

ሳንቲያጎ፣ ሙቀት። ራሚሮ ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል፤
ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል።
ሌላ አልጠየቀችውም።

የሆስፒታሉ ወረቀት፦ እሑድ፣ ከጠዋቱ ሁለት።
የሷ ትኬት፦ እሑድ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት።
አክስቷ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አየች፤
«ስትነሺ እኮ ልጄ፣ ከሞተ አሥር ሰዓት አልፎት ነበር» አለች።
«ስነሳ ይተነፍስ ነበር! ከበሩ ደውዬ ሰምቼዋለሁ፤
ሳል ይዞት ነበር፣ ‹መጣሁ› ብዬዋለሁ።»
ወረቀት ግን ወረቀት ነው፣ ማኅተም አለው፣ አይሳሳትም፤
ሰዎቹም ‹ሐዘን ነው› ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልመለሱላትም።
(እዚያ ማዶ ሰኞ ነግቷል፤
ናይሪ ሁለተኛዋን ባልዲ ሞልታለች፣ ዝናብ ጥሏል።)

ማታ፣ ቤቱ ሲበተን፣ ከመሳቢያው ደብተሩን አወጣች፤
በላብ የለሰለሰውን። ያልተጻፈበት ገጽ ፈለገች።
እንደሱ አድርጋ፣ ታርጋና ሰዓት፦
አባባ፣ ሁለት። እኔ፣ ሰባት።
ቀነሰችው። አምስት ነው።
ባሕሩ የመረቃት፣ ትርፍ የመሰለው፣
ልክ አምስት ነው የዘገየችው።
«አምስት ሰዓት ቀድሞሻል» አለች በሱ ድምፅ፣ ለራሷ፤
ቀጥሎ የሚባለው፣ ‹ንጂው› ይሁን ‹አዝግሚ›፣
ሊመጣ አልቻለም ከምላሷ።