የማክሰኞ ሌሊት ውሃ

አባቴ አማንዲዮ ግድብ ሠሪ ነበር፣
ዕድሜውን የፈጀ ከወንዝ ጋር ሲከራከር፤
አንዱን አስሮ ሲያበቃ ሌላው ይጠራዋል፣
ጓዛችን ከአካፋው ጋር መኪና ላይ ይወጣል።

ልጅነቴን ብትሉኝ የቆርቆሮ ሰፈር፣
በኖራ ቁጥር የተጻፈበት በር፤
ዓምና አሥራ አራት፣ ዘንድሮ ሠላሳ ሁለት፣
በየሁለት ዓመቱ ሌላ ትምህርት ቤት፣
ስሜን አዛብታ የምትጠራ መምህርት፤
«ዴዮሊንዳ» ማለት አፏ እስኪለምድላት
እኛ ገመድ ይዘናል፣ ፍራሽ ልናስር ከጧት።

እናቴ መጋረጃ ሰፍታ አታውቅም።
«ለየትኛው መስኮት?» ትላለች፣ ክር አታባክንም፤
መስተዋቱን በጋዜጣ ትለብጠዋለች።
ዛሬም አንዱን ቤት ከሌላው የምለየው
ጋዜጣው ላይ በነበረው ወሬ ነው፤
ያ የእግር ኳሱ ቤት፣ ያ የእሳት አደጋው፣
ያ ደግሞ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያው።

«የየት ልጅ ነሽ?» ሲሉኝ የወንዝ ስም እጠራለሁ፤
ወንዙ ሐይቅ ሆኗል፣ ያን እደብቃለሁ።

አይቻለሁና፣ ከጉብታ ላይ ሆኜ፣
ውሃው እንደ ዕዳ ጠያቂ ደፍ ደፉን ሲረግጥ፣
የመቃብሩ ዐፅም በሣጥን ሲጋዝ፣
አንድ ሽማግሌ ወይራዎቹን እየነካ ሲቆጥር፣
ሲሳሳት፣ እንደገና ከአንድ ሲጀምር።
እንጀራችን ነበር የሰው ቤት መስጠሙ።
«አባዬ፣ እነሱስ የት ይገባሉ?» አልሁት፤
ሲሚንቶ የበላው ጣቱን አገላብጦ አየ።
ራት በላን። ዝም።

ካደግሁም በኋላ እግሬ አልረጋም፤
ፖርቶ፣ ሊዮን፣ ሉክሰምበርግ፣ አንዱም አልያዘኝም፤
አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ ለየባለቤቱ መለስሁ።
ኤይቶር፣ ደጉ ባሌ፣ አንድ ሌሊት ነቅቶ
«አንቺ ሴት፣ በህልምሽም ጫማሽን አታወልቂም» አለኝ።
እውነቱን ነበር። እሱ ቀረ፣ እኔ ሄድሁ።

በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ለብርዱ ወራት ብቻ ብዬ፣
ከተራራው ጀርባ፣ ቫሌ ዳ ፍራጋ፣
ጣሪያው የሚያፈስ ቤት በርካሽ ተከራየሁ።
ሻንጣዬን አልፈታሁም፤ ከአልጋው ሥር፣ አፉ ክፍት።

ሰኔ ላይ ቤልሚሮ መጣ፣ ደብተር በብብቱ፣
የመንደሩን ውሃ የሚያካፍል ሽማግሌ።
«ይህ ቤት ውሃ አለው» አለ፤ «ማክሰኞ ሌሊት፣
ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ፤
ከዙልሚራ ቀጥለሽ፣ ከአዴሪቶ በፊት።»
«እኔ እኮ አላፊ ነኝ» አልሁት።
«አላፊስ ውሃው ነው» አለ። «አንቺ ብቻ ተነሺ።»

ተነሳሁ። ፋኖስ፣ የተውሶ ዶማ፣ የሰው ቦቲ ጫማ፤
ከላይ ከጨለማው የዙልሚራ ድምፅ፦ «ሰድጄልሻለሁ!»
ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ዝም አልሁ።
ደግማ ጮኸች፤ ለካ መልስ ካልሰማች
ቦዩ አጠገብ ቆማ ታድራለች።
መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የረጠበ አፈር፣
ከዚያ ድምፁ፣ ሹክሹክታ በሣር ሥር፣
ከዚያ እግሬን ነካኝ፣ ብርድ።
«ደረሰኝ!» አልሁ። ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም።
አባቴ ወንዝ የዘጋው በተራራ ድንጋይ፣
እኔ አንድ እፍኝ ጭቃ ከቦዩ አፍ ላይ
አንስቼ ከፈትሁ፣
ዙልሚራ ሳትጠይቀኝ ለዘራችልኝ አደንጓሬ።

ነሐሴ ላይ አዴሪቶ ደጄ ቆሞ ሰደበኝ፤
«አሥር ደቂቃ ሰረቅሽኝ! የውሃ ሌባ!» አለኝ፣
መንደሩ ሁሉ እየሰማ።
ደሜ ፈላ፤ መልሼ ሰደብሁት፤
ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን በሣቅ ጉልበቴ ከዳኝ፦
መንገደኛን ማን ይከሳል?
ተራ የሌለውን ማን «ተራዬን ነካ» ይላል?

ደብተሩ ላይ ስሜ ተጽፏል፣ አንድ ፊደል ጎድሎት፤
አላረምሁትም።
ሻንጣው አሁንም ከአልጋው ሥር ነው፤
ለከርሞ የሚዘራ አደንጓሬ ይዟል።
ትናንት መስኮቱን በስንዝር ለካሁት፣
ቁመቱ ስድስት፣ ወርዱ አራት ከጋት።
ጨርቁን ገና አልገዛሁም።
ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ በጊዜ ልተኛ።