ግፊት መለኪያ

የሰባ ሦስት ፖርሽ፣ ሞተሯን ያዘለች፣
ከእኔ ወገብ በታች ዝቅ ብላ የተኛች፤
ላስሎ ሲሸጥልኝ፣ ሃሚልተን፣ ባርተን መንገድ ዳር፣
«ሁሉ ነገር አላት» ብሎኝ ነበር።
«ዘይቷስ?» አልኩት።
«ቀይ መብራት አላት፤ ከበራ አቁም።» ሳቀ።
«ከበራ ግን ያው ነው፤ ያለቀው አለቀ።»

መርዶ ነጋሪ ነው ቀይ መብራት ማለት፣
በጎህ የሚያንኳኳ፣ ሰውየው ካበቃለት።
እኔ የምፈልገው፣ ሕመሙ ሲጀምር
ጠጋ ብሎ ሹክ የሚለኝን ነበር።

ገዛሁ። መዳፍ የማትሞላ የዘይት ግፊት መለኪያ፣
ጥቁር ፊት፣ ነጭ ቁጥር፣ ከዜሮ እስከ ሰማንያ።

ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ አልኩ፣
ዳሽቦርዱ ላይ በጠመኔ ክብ ሣልኩ፣ በምራቅ ደመሰስኩ።
ሃምሳ ዓመት ፀሐይ ያልሰነጠቀውን
እኔ ነኝ የምበሳው፣ በሚንቀጠቀጥ እጄ?
ቀዳዳ አይሰፋም፣ አንዴ ከተቀደደ፣ ወዳጄ።

መሰርሰሪያው ጮኸ። ክቡ ጭኔ ላይ ወደቀ፣
ትኩስ፣ እንደ ሳንቲም፣ ሱሪዬን አሞቀ።

ሽቦው ደግሞ ሌላ ጣጣ፤ ወለሉ ሥር ባለው ዋሻ
አንዱ እጄ ሲገፋ፣ ሌላው ሲያጣ መድረሻ፣
ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ ተንጋልዬ ሳለሁ፣
የትርንጎን ነጭ ጫማ በሩ ላይ አየሁ።
«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?» «ግፊት መለኪያ» አልኳት።
የሌሊት ተረኛ ነርስ፣ ምን ቢሏት ነው የሚያስቃት?
አልሳቀችም።

«ስምንት ወር» አለች፣ «ስምንት ወር ስለምንህ፣
ክንድህን ስጠኝ ስልህ፣ ‹ደህና ነኝ› ነው መልስህ።
የአንተ ቀይ መብራት የት ጋ ነው የሚበራው?
እኔ ነኝ የማየው፤ አንተማ አታየው።»

መልስ አልነበረኝም። ሽቦውን አገናኘሁ።

ቁልፍ ሳዞር መርፌዋ ከእንቅልፏ ዘለለች፣
ስልሳ ደረሰች፤ ሲሞቅ አሥራ አምስት ላይ ዋለለች።
እንዲህ ነው ለካ፣ ማንም ሳያያት፣ ስትኖር የኖረች።

እሑድ በክሌርሞንት ዳገት ወጣሁ።
ድሮ እዚያ ጋ ስደርስ አንጎራጉር ነበር።
ሐይቁ ከታች ተዘርግቶ ነበር መሰለኝ፤ አላየሁም።
የብረት ፋብሪካው ጢስም አመለጠኝ።
ቀይ መብራት ላይ ስቆም መርፌዋ ወረደች፤ ልቤም አብሮ።
ላስሎ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀዳዳ ያልበሳው
ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ማታ፣ ሳትጠይቀኝ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ
እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁ።
ጨርቁን ጠቀለለች፣ ጎማዋን ጨመቀች፣
መርፌዋ ወጣች፣ ቆመች፣ እየዘለለች ወረደች።
እሷ መርፌዋን ታያለች፤ እኔ የእሷን ፊት።
ምንም አይነበብበትም፤ ሙያዋ ነው።
አፏን ልትከፍት ስትል
«ቆዪ» አልኳት፣ «ትንሽ ቆዪ።
ሞተሩ ይሙቅ።»