የገባውን አይዝም

የዜቦ ጉሮሮ ግራጫ ቆዳ ለብሷል፤
ጀርሙ ከዚያ አይወርድም፣ ተቀምጦ ይልካል።

የላከው መርዝ አጥር አይጥስ፣ ግንብ አይንድ፤
ሴሏ ናት ያስገባችው፣ ተቀብላ እንደ ዘመድ።
አድፍጦ ቆየና ጓዳው እስኪጎመዝዝ፣
ሾልኮ ወረደ ወደ ወፍጮው፣
ብቻውን፣ አንድ ቅንጣት መርዝ።

እህሉ አለ። መጁም አለ።
የሚገፋው እጅ ሰለለ።
ሴሏ በጠኔ ሞተች፣ ጎተራዋ እንደ ሞላ፤
ጎረቤቷም፤ ከዚያ የልብ ጡንቻ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ።

ኹጃንድ ላይ መብራት የለም። የአንዞብን መንገድ በረዶ ዘግቶ፣
ሴረሙ በአምስተኛው ቀን ደረሰ፣ በሰው ጀርባ መጥቶ።
ሐኪም መህራንጌዝ ወጋቻት፤ የምታውቀውን ግን አልተናገረችም፦
መድኃኒቱ ደጅ ያለውን ያንቃል፣
የገባውን አይዝም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቆዳው ተላጠ።
ዜቦ ሾርባ ጠጣች፣
«ዘቢብ ስጡኝ» አለች።
እናቷ ሙናቫር ሳቀች፣ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች።
ሐኪሟ አልሳቀችም። በሻማ ብርሃን የልጅቷን የእጅ አንጓ ይዛ
ትቆጥራለች፦
አንድ፣ ሁለት፣
አንድ፣ ሁለት፣
አንድ

ጣቷን አላነሳችም።